አንገት ያለው ምንጣፍ
(ስለ ፋርስ የእጅ ሥራ ምንጣፎች ቅርጽ ለሽመናና ለዲዛይን ወጣቶች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን አመሻችሁ። በዚህ ዝናብ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ።

ዛሬ አንድ ነገር ይዤ መጥቻለሁ። ጠረጴዛው ላይ በነጠላ የሸፈንኩት እሱ ነው። ኋላ እገልጠዋለሁ። መጀመሪያ ግን እንዲህ ያለውን ዕቃ እንዳይ ዓይኔን የከፈተልኝን ስህተቴን ላጫውታችሁ።

ዱባይ፣ ዴራ ሰፈር፣ አንድ ምንጣፍ ማጠቢያና መጠገኛ ቤት ውስጥ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ። ስገባ አጣቢ ነበርኩ። ቀስ በቀስ መርፌ ተሰጠኝ። የቤቱ ዋና ጠጋኝ ከኢራን፣ ከሰነንደጅ ከተማ የመጡ አዛውንት ነበሩ። ሁላችንም ኦስታድ እንላቸው ነበር፤ መምህር እንደማለት ነው። አንድ ቀን እሳቸው በሌሉበት አንዲት ትንሽ ምንጣፍ መጣች። ርዝመቷ አንድ ሜትር አይሞላም። በአንድ በኩል ጠርዟ ቀጥ ያለ ነው፣ በሌላው በኩል ክብ ይላል። መሐሏ ላይ ከስንዝር የሚበልጥ ቅድ አለባት። መቀስ የገባባት መሰለኝና አዘንኩላት።

ቀኑን ሙሉ ቁጭ ብዬ ሰፋኋት። ከቀለሟ ጋር የሚሄድ ክር መርጬ፣ ጀርባዋን ሳይቀር አሳምሬ። ኦስታድ ሲመጡ ደስ ብሎኝ አሳየኋቸው። አልተቆጡም። ምላጭ አነሱና የሰፋሁትን ጥልፍ አንድ በአንድ ፈቱት። ከዚያ ምንጣፏን ወንበር መደገፊያ ላይ አለበሷት። በቅዱ በኩል የመደገፊያው ጫፍ ብቅ አለ።

«ይሄ የኮርቻ ልብስ ነው» አሉኝ። «ቅዱን ከዘጋሽው ፈረሱ ምን ይለብሳል?»

እኛ አገር ግላስ የምንለው የክብር ልብስ አለ አይደል? የእሱ ዘመድ ነው። ፋርሶች ዚንፑሽ ይሉታል። የሰነንደጅ ሠሪዎች በ19ኛው ክፍለ ዘመን የሠሯቸው ዚንፑሾች ቀጭን ሥራ ስለሆኑ ዛሬ ሰብሳቢዎች ይሻሟቸዋል። ጠርዙን ብቻ አስተውዬ ቢሆን ኖሮ ይገባኝ ነበር። የተቀደደ ቦታ ድሩ ይበጠሳል፣ ጫፉ ይፍረከረካል። እዚያች ምንጣፍ ላይ ግን ማጉ ቅዱ ጋ ሲደርስ ዞሮ ተመልሷል። ከግራም ከቀኝም። ሠሪዋ ስትጀምርም ፈረሱን እያሰበች ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቅርጹ ግር የሚል ምንጣፍ ሳይ መጀመሪያ የምጠይቀው «ምን ሊያለብስ ተሠራ?» ብዬ ነው። ዛሬም የማጫውታችሁ በዚችው ጥያቄ ነው።

ከናንተ መሐል ሸማኔዎች ስላላችሁ አሠራሩን ባጭሩ ልበል። ሸማ ድርና ማግ ነው። የፋርስ ምንጣፍ ግን ሦስተኛ ነገር ይጨምራል፤ ቋጠሮ። ድሩ ከላይ ወደ ታች በእንጨት ወይም በብረት ፍሬም ላይ ይወጠራል። ብዙውን ጊዜ ጥጥ ነው፣ የዘላኖች ከሆነ ሱፍ፣ የቆም ከተማ ከሆነ ሐርም ይሆናል። ሠሪዋ አጭር የሱፍ ክር ወስዳ ሁለት ድር ላይ ታስራለች፣ ወደ ታች ትስባለች፣ በቢላ ትቆርጣለች። አንድ ረድፍ ሲያልቅ ማግ ታሳልፍና ማበጠሪያ በመሰለ ከባድ መምቻ ትደቁሰዋለች። የምንረግጠው ለስላሳው ነገር የነዚህ ቋጠሮዎች ጫፍ ነው።

ቋጠሮው ሁለት ዓይነት ነው። አንዱ ሁለቱንም ድር እኩል ያቅፋል፤ የቱርክ ቋጠሮ ይባላል። ሌላው አንዱን አቅፎ በሌላው ሥር ያልፋል፤ የፋርስ ቋጠሮ ወይም የሰነህ ቋጠሮ ይባላል። ሰነህ የሰነንደጅ የድሮ ስሟ ነው። የሚገርመው ግን የሰነንደጅ ሴቶች የሚያስሩት የቱርኩን ነው! ኦስታድ ይህን ሁልጊዜ ያነሱት ነበር። ስም የሚያወጣው ገበያ ነው፣ ሠሪዋን የጠየቃት የለም ይሉ ነበር።

ጥራቱ በታብሪዝ አካባቢ «ራጅ» በሚባል ልክ ይቆጠራል። በ7 ሴንቲ ሜትር ገደማ ውስጥ ስንት ቋጠሮ አለ ማለት ነው። 50 ራጅ ጥሩ ሥራ ነው። አሁን አብረን እናስላ። 50 ራጅ ማለት በአንድ ካሬ ሜትር 510,000 ቋጠሮ አካባቢ ነው። እጇ የፈጠነ ሠሪ በቀን 8,000 ብታስር፣ ለአንድ ካሬ ሜትር ብቻ ከ60 ቀን በላይ ትቀመጣለች። ቀጥሎ የምለውን ስትሰሙ ይህን ቁጥር አትርሱት።

ምንጣፍ በተፈጥሮው አራት ማዕዘን ነው። ድሩ ቀጥ ብሎ ይወጠራል፣ ማጉ ቀጥ ብሎ ያልፋል። ከዚህ ውጭ የሆነ ቅርጽ ሁሉ ሥራ ያበዛል። ክብ ምንጣፍን ውሰዱ። ታብሪዝ፣ ናይንና ቆም ውስጥ ይሠራል። ብዙ ሰው ክቡ ትንሽ ስለሆነ ይቀላል ብሎ ያስባል። እኔ ባየሁት አሠራር ግን ድሩ የሚወጠረው ልክ ለአራት ማዕዘን እንደሚወጠረው ነው። ሠሪዋ ከታች ስትጀምር መሐል ላይ ያሉ ጥቂት ድሮች ብቻ ይያዛሉ። የቀሩት ባዶ ይቆያሉ። በየረድፉ ግራና ቀኝ ትንሽ ትንሽ እየጨመረች ትሰፋለች። ማጉም ክቡ ጫፍ ላይ እየደረሰ ይመለሳል። ግማሽ ላይ ስትደርስ ደግሞ እየቀነሰች ትጠባለች። አንዲት ቋጠሮ ከተሳሳተች ክቡ ይንጋደዳል።

ስፋቱ 2 ሜትር የሆነ ክብ 3.14 ካሬ ሜትር ነው። ድሩ የተወጠረው ግን ለ4 ካሬ ሜትር ነው። ከአምስት እጅ አንዱ እጅ ድር ባዶውን ቀርቶ ተቆርጦ ይጣላል ማለት ነው። ገና አላለቀም። ምንጣፉ ከፍሬሙ ከወረደ በኋላ ዙሪያው ያለው የድር ጫፍ ሁሉ ወደ ጀርባ ታጥፎ ይሰፋል፣ ጠርዙም በሱፍ ክር ይዘመዘማል። ይህ ዝምዝማት ብቻውን የቀናት ሥራ ነው። የአራት ማዕዘን ምንጣፍ ዘርፍ በራሱ ይንጠለጠላል፤ ክቡ ይህን ዕድል አያገኝም።

ለዚህ ነው አንዳንድ ነጋዴ አራት ማዕዘኑን ቆርጦ ክብ የሚያደርገው። እኛ ጋ እንዲህ ያለ ምንጣፍ ለጥገና ይመጣ ነበር። እንዴት ትለዩታላችሁ? ጥለቱን ተከተሉት። በክብ የተሠራ ከሆነ የጠርዙ ጥለት ከክቡ ጋር አብሮ ይዞራል፣ አበባውም ሙሉ ነው። ከተቆረጠ ግን አበባ ግማሹ ጠፍቶ፣ ቅርንጫፍ ከመሐሉ ተበጥሶ ታገኙታላችሁ። ቀጥሎ ገልብጡት። በጀርባው በኩል ዝምዝማቱን በጣታችሁ ዳብሱ። ከሥሩ የታጠፈ ድር ካልተሰማችሁና ሙጫ የነካው ጨርቅ ከተሰማችሁ፣ መቀስ ነው የሠራው።

እንግዲህ ወደ ዘላኖቹ እንሂድ። እውነት ለመናገር ልቤ ያለው እዚህ ነው።

በኢራን ሰሜን ምሥራቅ፣ ጎርጋን ሜዳ ላይ ዮሙት የሚባሉ ቱርክመኖች አሉ። ቤታቸው በተሰናሰለ የእንጨት አጥርና በሱፍ ንጣፍ የሚሠራ ክብ ድንኳን ነበር። ክብ ቤት በአራት ማዕዘን ምንጣፍ ብቻ አይለብስም። ስለዚህ ሴቶቹ ለቤቱ ልብስ ሠሩለት። ድንኳኑን ዙሪያውን የሚጠፈር መቀነት አለ። ወርዱ ከ30 እስከ 40 ሴንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ ግን 12 ወይም 15 ሜትር! አንድ ወጥ ነው፤ አልተቀጠለም። ጌጥ ይመስላል፣ ሥራው ግን እንጨቱ እንዳይከፈት አጥብቆ መያዝ ነው። የበሩ ልብስ ደግሞ አለ፣ ካፑኑክ ይባላል። ከላይ በሩን ተሻግሮ በግራና በቀኝ ሁለት እግር ይዘረጋል። መሐሉ ክፍት ነው። ሙዚየም ውስጥ ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ስታዩት ሱሪ ይመስላል። በሩን ስታስቡለት ወዲያው ቦታው ይገባል።

ከሁሉ የምወደው ግን አስማሊክ ነው። አምስት ጎን አለው። ከታች ቀጥ ያለ፣ ከላይ እንደ ቤት ጣሪያ ሾጠጥ ያለ። ሁልጊዜ ጥንድ ሆኖ ይሠራል፤ አንዱ ለግመሉ ግራ፣ አንዱ ለቀኝ። ሙሽራዋን የሚያመጣው ግመል በሠርጉ ቀን ይለብሰዋል። ከዚያ ድንኳን ውስጥ ይሰቀላል። አስቡት፤ የወራት ሥራ ለአንድ ቀን ጉዞ። ዛሬ አስማሊክ ገበያ ላይ ሲወጣ ብዙውን ጊዜ አንዱ ብቻ ነው። ጥንዱ ተለያይቶ አንዱ አንድ አገር፣ አንዱ ሌላ አገር ገብቷል። ሁለቱን አንድ ላይ ሳይ ዛሬም ደስታዬ ሌላ ነው።

ከተሜውም የራሱ ቅርጽ ነበረው። የኢራን ብርድ ቀላል አይደለም። ኮርሲ የሚሉት ዝቅ ያለ ጠረጴዛ አለ። ከሥሩ ፍም ያለበት ምድጃ ይቀመጣል፣ ከላይ ትልቅ ብርድ ልብስ ይለብሳል፣ ቤተሰቡ እግሩን ከሥሩ አስገብቶ ዙሪያውን ይቀመጣል። ከብርድ ልብሱ በላይ የሚነጠፈው ጨርቅ ሩኮርሲ ይባላል። አራቱም ጎኑ እኩል ነው። በፋርስ ሥራ ትክክለኛ ካሬ ብዙ አይገኝም፤ ሲገኝ ከኮርሲው አካባቢ መሆኑን ጠርጥሩ።

ረጃጅሞቹስ? በድሮው የኢራን ቤት የእንግዳ ክፍሉ ረጅም ነበር። መሐሉ ላይ አንድ ምንጣፍ፣ በግራና በቀኝ ከናሬ የሚባሉ ሁለት ቀጫጭን፣ ራስጌ ላይ ደግሞ ከለጊ የሚባል አንድ አግድም ይነጠፋል። አራቱ አንድ ቤተሰብ ናቸው። ሰው የሚቀመጠው በጎኖቹና በራስጌው ላይ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ እንደ ማንቸስተሩ ዚግለር ያሉ ኩባንያዎች ሱልጣናባድ፣ የዛሬዋ አራክ፣ ገብተው ለአውሮፓ ሳሎን የሚሆን መጠን ማሠራት ጀመሩ። የአውሮፓ ሳሎን ሰፊ ነው፤ ከለጊ የሚነጠፍበት ቦታ የለውም። ገዢው ሲለወጥ ቅርጹም ተለወጠ። አራቱ አንድ ላይ ሆነው የሚታዩበት ቤት ዛሬ ብርቅ ነው።

አንዳንዴ ደግሞ ቅርጽን የሚለውጠው ጉዳት ነው። የአርደቢል ምንጣፎችን ሰምታችኋል? ሁለት ናቸው። በኢራኗ አርደቢል ከተማ ለሃይማኖት መሪው ለሼኽ ሳፊ መቃብር የነበሩ ናቸው ይባላል። የተጻፈባቸው ዓመተ ሂጅራ 946 ነው፤ እ.ኤ.አ. ከ1539 እስከ 1540 ማለት ነው። «የማቅሱድ ካሻኒ ሥራ» የሚልም አለበት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ከኢራን ሲወጡ ሁለቱም ተጎድተው ነበር። ነጋዴዎቹ ምን አደረጉ? አንዱን ቆርጠው ሌላውን ጠገኑበት። የተጠገነውን የለንደኑ ቪክቶሪያና አልበርት ሙዚየም በ1893 እ.ኤ.አ. በ2,000 ፓውንድ ገዛው። 10.51 ሜትር በ5.34 ሜትር ነው። ወንድሙ ሎስ አንጀለስ ይገኛል። ወደ 7 ሜትር በ4 ሜትር ሆኖ ቀርቷል፤ ጠርዙ የለም። እኔ እንደ ጠጋኝ ይህን ታሪክ ሳስብ ሁለት ነገር ይሰማኛል። የተጠገነው ሲታይ ያምራል። የተቆረጠው ግን ያሳዝነኛል። ከሁለት ሙሉ ሥራ አንዱ የሌላው መለዋወጫ ሆነ።

ከዚያ የባሰ አለ። የታሪክ ጸሐፊው አል-ጠበሪ እንደሚተርከው፣ በ637 እ.ኤ.አ. የአረብ ጦር ሳሳኒድ የሚባሉትን የፋርስ ነገሥታት ዋና ከተማ ክቴሲፎንን ሲይዝ ቤተ መንግሥቱ ውስጥ እጅግ ግዙፍ ምንጣፍ አገኘ። አራቱም ጎኑ 60 ክንድ። የጸደይ አትክልት ስፍራ የተሣለበት፣ ወርቅና ዕንቁ ያለበት። ነገሥታቱ በክረምት፣ አበባ በሌለበት ወራት፣ እሱ ላይ ይቀመጡ ነበር። ምርኮው ለሁሉም መከፋፈል ስላለበት ምንጣፉ ተቆራረጠ። ለነቢዩ መሐመድ አማች ለአሊ የደረሰችው ቁራጭ ብቻ በ20,000 ድርሃም ተሸጠች ይላል።

ስለ ዋጋ ካነሳሁ አይቀር አንድ ታሪክ ልጨምር። ጀርመን፣ አውግስበርግ ከተማ ውስጥ አንዲት ሴት ያላትን ምንጣፍ ለጨረታ ሰጠች። 900 ዩሮ ተገመተ። በ2009 እ.ኤ.አ. 19,700 ዩሮ ተሸጠ። ሴትየዋ ተደስታ ይሆናል። በማግስቱ ዓመት ሚያዝያ ላይ ያው ምንጣፍ ለንደን፣ ክሪስቲስ የሚባል ጨረታ ቤት ቀረበ። 3.39 ሜትር በ1.53 ሜትር የሆነ፣ በኢራን ኬርማን የተሠራ፣ ከ17ኛው ክፍለ ዘመን የተረፈ ነበር። ከ6 ሚሊዮን ፓውንድ በላይ አወጣ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ ሴትየዋ አላሸነፈችም። ሦስት ዓመት ቆይቶ ሌላ የኬርማን ምንጣፍ ኒውዮርክ ውስጥ በ33.8 ሚሊዮን ዶላር ተሸጠ። ትልቅ አይደለም፤ 2.67 ሜትር በ1.96 ሜትር ነው። ሳሎናችሁ ውስጥ ይነጠፋል። ይህን የምነግራችሁ ጀርባውን ገልብጦ ያላየ ሰው ምን እንደሚያልፈው እንድታውቁ ነው።

ትልቁን ማየት የሚፈልግ አቡ ዳቢ ይሂድ። የሼኽ ዛይድ ታላቁ መስጊድ ምንጣፍ 5,627 ካሬ ሜትር ነው። ንድፉ የኢራናዊው ዓሊ ኻሊቂ ነው። 1,200 ገደማ ሠሪዎች ኢራን ውስጥ በክፍል በክፍል ሠርተውት፣ በአውሮፕላን መጥቶ እዚያው ተገጣጥሟል። በእረፍት ቀናችን ከጓደኞቼ ጋር ሄጄ አይቼዋለሁ። ጫማዬን አውልቄ ስገባ እግሬ ሥር አንድ ነገር ተሰማኝ። ዝቅ ብዬ ብዳብስ ትንሽ ከፍ ያለ መስመር አለ። ሰጋጆች ረድፋቸውን እንዲይዙበት ተብሎ ነው። ከሩቅ አይታይም፣ ሥዕሉን አያቋርጥም። እግር ግን ያገኘዋል። ስጋጃ የሚለው ቃላችንም መነሻው ስግደት መሆኑን እዚያ ቆሜ ነው ያስታወስኩት።

አሁን ወደሚያሳስበኝ ልምጣ። በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. አጋማሽ ኢራን በምንጣፍ ብቻ በዓመት ወደ 2 ቢሊዮን ዶላር ታስገባ ነበር። ዛሬ ከ100 ሚሊዮን በታች ወርዷል። አሜሪካ ለኢራን ምንጣፍ በ2010 እ.ኤ.አ. በሯን ዘጋች፣ በ2016 ከፈተች፣ በ2018 መልሳ ዘጋች። የማሽን ምንጣፍም ገበያውን ወረረው። ዩኔስኮ ፋርስ የሚባለውን የኢራን ክፍለ ሀገርና የካሻንን ከተማ የምንጣፍ ሙያ በ2010 እ.ኤ.አ. በቅርስነት መዝግቦታል። ነገር ግን ምዝገባ እንጀራ አይሆንም። ሠሪዎቹ አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው፣ ቤታቸው ተቀምጠው የሚሠሩ። ወገባቸው ይታመማል፣ ዓይናቸው ይደክማል፣ የሚያገኙት ጥቂት ነው። ልጆቻቸው ሌላ ሥራ ቢመርጡ እኔ አልፈርድባቸውም። ገበያ ሲጠብ ደግሞ መጀመሪያ የሚጠፋው ቅርጹ የተለየው ነው። አራት ማዕዘን ሁልጊዜ ገዢ ያገኛል። ግመል የሌለው ሰው ግን አስማሊክ አያዝም።

በሉ፣ ነጠላውን ልግለጠው።

ይቺ ናመክዳን ትባላለች። የጨው ከረጢት ናት። ስመለስ ኦስታድ ናቸው የሰጡኝ። የባኽቲያሪ ዘላኖች ሥራ ናት አሉኝ። ቁመቷ ክንድ አይሞላም። ከታች ሰፊ ናት፣ ከላይ እንደ ጠርሙስ ትጠብና አንገት ታወጣለች። አንገቱ ለምን? እረኛ መንጋውን ጨው ያልሳል፣ ባለቤቲቱም ለወጥ ጨው ትፈልጋለች። ከረጢቱ ድንኳን ውስጥ ይሰቀላል ወይም መሬት ላይ ይቀመጣል። ፍየልና በግ ጨው የሸተታቸው እንደሆነ ምን እንደሚያደርጉ ገጠር ያደገ ያውቃል። በዚህ አንገት ግን የሰው እጅ ይገባል፣ የፍየል ጭንቅላት አይገባም።

ቀረብ ብላችሁ እዩ። ላይኛው ክፍሏ ቋጠሮ የለውም፣ በጠፍጣፋ ሽመና የተሠራ ነው። ታችኛው አራት ጣት የሚያህል ቦታ ብቻ እንደ ምንጣፍ ጠጉር አለው። የባኽቲያሪ ሴቶች ቋጠሮውን የሚያኖሩት መሬትና የአጋሰስ ጎን የሚፈትገው ቦታ ላይ ነው። ጠጉር ቶሎ አያልቅማ። አንገቱ የወጣበት ትከሻ ላይ ደግሞ ተመልከቱ፤ አልተቆረጠም። ማጉ እዚያ ደርሶ ተመልሷል፣ ልክ እንደዚያች የኮርቻ ልብስ። ጀርባዋ ላይ ያለው ቀይ መስመር አንዱ ጫፍ ደመቅ፣ ሌላው ጫፍ ፈዘዝ ብሏል። መሐል ላይ ክሩ አልቆባት ሌላ ነክራ የቀጠለች ይመስለኛል።

አጥቤያት አላውቅም። ሰባት ዓመት ሳጥብ ኖሬ ይቺን ግን አልቻልኩም። የታችኛውን ስፌት ከውስጥ ብትነኩት ድርቅ ያለ ነው። ጨው ነው።

ኑ፣ ተራ በተራ እጃችሁን አስገቡ። ቀለበት ያላችሁ አውልቁ፣ ክሩን ይይዛል።